ጉዲፈቻ በአገር ቤት፦ የሕፃኑ የጤና ምርመራና ሰነድ ከቀበሌ እስከ ፍርድ ቤት

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ባካሄደው ስብሰባ የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ እንደገና በማሻሻል ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ለውጭ አገር ዜጎች የሚሰጡበትን አሠራር ማስቀረቱ ይታወሳል። በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 የተደነገገው ይህ ለውጥ ሕፃናት ከአገር የሚወጡበትን በር ዘጋ እንጂ ወላጅ ላጡ ሕፃናት ቤተሰብን በራሱ አላስገኘም። የጤና ምርመራውና የሰነድ ዝግጅቱም አልቀረም። ቀድሞ በአዲስ አበባ፣ በፍርድ ቤትና በኤምባሲ ደጃፍ ይጠናቀቅ የነበረው ሥራ ዛሬ የቀበሌ፣ የጤና ጣቢያና የወረዳ ኃላፊነት ሆኗል። ይህ ዳሰሳ የምዕራብ ጎጃም ዞንን በአብነት በመውሰድ፣ የሰነዱና የምርመራው ጥራት ለሕፃኑ የወደፊት ሕይወት ምን ትርጉም እንዳለው ይመለከታል።

የቀድሞው አሠራር ያስተማረው

ኢትዮጵያ በአንድ ወቅት ለውጭ ጉዲፈቻ ብዙ ሕፃናት ከሚሰጡ አገሮች ግንባር ቀደሞቹ ተርታ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2010 የበጀት ዓመት ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ሕፃናት ከ2,500 በላይ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ጉዳዩን ይከታተል የነበረው የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ በቀን የሚመለከታቸውን መዝገቦች ወደ 5 ዝቅ ያደረገው፣ የሰነዶቹን እውነተኛነት በአግባቡ ለማጣራት ጊዜ ስለሚያስፈልግ ነበር። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንዲት ኢትዮጵያዊት ታዳጊ በጉዲፈቻ ወላጆቿ በደረሰባት በደል ሕይወቷ ማለፉና ወላጆቹም በኋላ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ መባላቸው በሕዝብ ዘንድ ከፍተኛ ቁጣን ቀሰቀሰ። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. አሠራሩ ታገደ፤ በቀጣዩ ዓመትም በሕግ ቀረ።

የዚያን ጊዜው የጤና ምርመራ በዋናነት የተቀባዩን አገር የመግቢያ ቪዛ መስፈርት ለማሟላት የሚደረግ ነበር። ለምሳሌ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ዕድሜው ከ2 እስከ 14 ዓመት የሆነ ሕፃን የቲቢ ምርመራ ግዴታው ነበር። ውጤቱ አጠራጣሪ ከሆነ የደረት ራጅ ይነሣል፤ ራጁም ምልክት ካሳየ የአክታ ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ እስኪያድግ ድረስ እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል። ኤችአይቪ በደም ውስጥ መገኘቱም እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ አሜሪካ ለመግባት ልዩ ፈቃድ የሚያስጠይቅ ነበር። ምርመራው ጥብቅ ቢሆንም የሚመልሰው ጥያቄ "ይህ ሕፃን መግባት ይችላልን?" የሚለውን እንጂ "ይህ ሕፃን ማን ነው? ከየት መጣ? ወላጆቹ በምን ሕመም አለፉ?" የሚለውን አልነበረም። ዛሬ አካለ መጠን ያደረሱና ከውጭ አገር እየተመለሱ የትውልድ ቤተሰባቸውን የሚያፈላልጉ ወጣቶች በእጃቸው ያለው ሰነድ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህንኑ ነው። የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ከዚህ ሊማር ይገባል።

ሰነዱ የሚጀምረው ከቀበሌ ነው

ለአብነት ያህል፣ በቡሬ ዙሪያ ወረዳ ገጠር ቀበሌ ሁለቱንም ወላጆቹን ያጣ የሦስት ዓመት ሕፃን አለ እንበል። ጎረቤት አንሥቶታል፤ ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ደግሞ ሊያሳድጉት ፈቅደዋል። በጎጃም የሰው ልጅ ማሳደግ አዲስ ነገር አይደለም። የጡት ልጅ፣ የክርስትና ልጅና የማደጎ ልጅ የሚሉት ስሞች ለዚህ ምስክር ናቸው። ችግሩ ይህ መልካም ባህል በአብዛኛው በቃልና በሽማግሌ ፊት የሚፈጸም መሆኑ ነው። ቃሉን የሰሙት ሲያልፉ የልጁም መብት አብሮ ይጠፋል።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንደሚደነግገው አሳዳጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው ሊሆን ይገባል፤ ተጋቢዎች ከሆኑ ከሁለቱ የአንዳቸው 25 ዓመት መሙላት በቂ ነው። ጉዲፈቻው በአሳዳጊውና በሕፃኑ ሞግዚት መካከል በሚደረግ ስምምነት ይመሠረታል፤ የሚጸናው ግን ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው። ፍርድ ቤቱ ከማጽደቁ በፊት ስምምነቱ ለሕፃኑ ጥቅም መሆኑን ያረጋግጣል፤ የሕፃኑንም አስተያየት ይሰማል። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ያለው በመሆኑ በዞኑ የሚቀርቡ ጉዳዮች በዚሁ ይስተናገዳሉ።

ስለዚህ ለሕፃኑ ቢያንስ የልደት ምዝገባ፣ የወላጆቹ የሞት ምስክር ወረቀት፣ ተጥሎ የተገኘ ከሆነ የፖሊስ ሪፖርት፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ጥናትና የጤና መረጃ ሊዘጋጁለት ይገባል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በመሆኑና በገጠር ብዙ እናቶች በቤታቸው የሚወልዱ በመሆኑ፣ ልደታቸው ሳይመዘገብ ያደጉ ሕፃናት ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ባለ ጊዜ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ቀንና የጎረቤት ምስክርነት ዕድሜን ለመገመት ያግዛሉ። ግምት ግን ግምት መሆኑ በሰነዱ ላይ ሊጻፍ ይገባል። ለሥርዓቱ መሟላት ሲባል የተፈጠረ የልደት ቀን ዕድሜ ልክ የሚከተል ስሕተት ነው።

ጉዳዩ የመሬትም ጉዳይ ነው። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ትስስር አይቋረጥም። ከሟች ወላጆቹ የእርሻ ይዞታ ሊደርሰው የሚገባ ሕፃን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያስረዳ ወረቀት ከሌለው፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በሌላ ዘመድ ስም ሲዞር የሚከራከርለት አይኖርም።

ምርመራው ለማጣሪያ ሳይሆን ለእንክብካቤ

በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ የጤና ምርመራ ዓላማው አሳዳጊ "ጤነኛ ልጅ" እንዲመርጥ ማድረግ አይደለም። ዓላማው ሕፃኑ ወደ አዲሱ ቤት ሲገባ የሚያስፈልገው ሕክምና አብሮት እንዲሄድ ነው። ክብደት፣ ቁመትና የክንድ ዙሪያ ልኬት፣ የክትባት ሁኔታ፣ የአንጀት ጥገኛ ትሎች፣ እንደ ቡሬና ጃቢ ጠህናን ባሉ ወባማ አካባቢዎች ደግሞ የወባ ምርመራ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ወላጅ በረጅም ሳል ያለፈ ከሆነ የቲቢ ምርመራ ቸል ሊባል አይገባም።

ጥንቃቄ የሚሻው የኤችአይቪ ምርመራ ነው። ከ18 ወር በታች በሆነ ሕፃን ደም ውስጥ የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል ሊገኝ ስለሚችል በተለመደው ፈጣን ምርመራ የሚታየው ውጤት ሕፃኑ ቫይረሱ አለበት ለማለት አያበቃም። ለዚህ ዕድሜ የሚያስፈልገው ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ሲሆን፣ የደም ጠብታ በልዩ ወረቀት ላይ ደርቆ ወደ ላቦራቶሪ በመላክ ሊሠራ ይችላል። ይህንን ባለማወቅ ከቫይረሱ ነፃ የሆነን ሕፃን ቤተሰብ ማሳጣት ከባድ በደል ነው። ቫይረሱ ያለበት ሕፃንም ቢሆን መድኃኒቱን በወቅቱ ከጀመረ እንደ እኩዮቹ ያድጋል፤ አሳዳጊውም ይህንን ከባለሙያ ሊሰማ ይገባል። ውጤቱ ግን የሕፃኑ ምስጢር በመሆኑ ጉዳዩ ከሚመለከተው ባለሙያና አሳዳጊ አልፎ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ለማንም እጅ በተከፈተ አቃፊ ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም።

ርቀትና ቅንጅት

ከገጠር ቀበሌ እስከ ዞኑ ርዕሰ ከተማ ፍኖተ ሰላም መመላለስ ለአንድ አርሶ አደር ቤተሰብ የሥራ ቀንና የመጓጓዣ ወጪ ይጠይቃል። በክልሉ ባለፉት ዓመታት የነበረው የፀጥታ ችግርም መንገዱን ይበልጥ አክብዶታል። አሳዳጊው ለምርመራ አንድ ጊዜ፣ ለውጤት ሁለተኛ ጊዜ፣ ለማኅተም ሦስተኛ ጊዜ እንዲመላለስ ከተደረገ ወደ ቃል ስምምነቱ መመለሱ አይቀርም። ስለሆነም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የክብር መዝገብ ሹሙና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያው መረጃውን በአንድ ቀን፣ በአንድ መዝገብ ማሰባሰብ ቢችሉ ትልቁ መሰናክል ይቃለላል።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት ወላጆቻቸውን የማወቅ መብት እንዳላቸው፣ መንግሥትም ለወላጅ አልባ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። ይህ መብት በተግባር የሚገለጸው በጥንቃቄ በተያዘ አንድ አቃፊ ነው። ዛሬ ልጅ ለማሳደግ የተነሡ ቤተሰቦች ሰነዱ ሳይሟላ ልጁን ከመውሰዳቸው በፊት በአቅራቢያቸው የሚገኘውን የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሊያማክሩ ይገባል። በቃል ስምምነት ሲያሳድጉ የቆዩም ልጁ ሳይጎለምስ፣ ምስክሮቹም ሳያልፉ ጉዳያቸውን ለፍርድ ቤት አቅርበው ማጸደቅ ይኖርባቸዋል። ከማመልከቻው ጋር የሚያያዙት የክትባት ካርድ፣ የምርመራ ወረቀትና የምስክሮች ቃልም ከፍርድ ውሳኔው ጋር ተጠብቆ ሊቆይ ይገባል፤ ልጁ አድጎ ስለ ራሱ ሲጠይቅ መልሱን የሚያገኘው ከዚያ ነውና።