ከ14 ሰዎች በኋላ የተመረጠው

በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ፣ ቡድኖች አዳዲስ ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት ድራፍት የሚባል ሥርዓት አለ። ከምርጫው በፊት የወጣቶቹ ቁመት፣ የክንዳቸው ርዝመትና ወደ ላይ የሚዘሉት ከፍታ ይለካል። መራጮቹ ግን የሚያስጨንቃቸው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህ የ19 ዓመት ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ ምን ይሆናል?

በ2013 ሚልዋኪ ባክስ ያኒስ አንቴቶኩንምፖን 15ኛ አድርጎ መረጠው። ከናይጄሪያውያን ወላጆች አቴንስ ውስጥ የተወለደ፣ በልጅነቱ መንገድ ላይ ዕቃ እየሸጠ ቤተሰቡን የረዳ፣ በግሪክ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ይጫወት የነበረ ቀጭን ልጅ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ በጨዋታ 7 ነጥብ እንኳ አላስቆጠረም። ቡድኑ ግን ታገሠው፤ አጫወተውም። በ2019 እና በ2020 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ በ2021 ቡድኑን ለሻምፒዮናነት አበቃ።

በዚያው ምሽት አንደኛ የተመረጠው ወጣት ግን ከአራት የውድድር ዘመን በኋላ ከሊጉ ወጣ። ዛሬም ስሙ የሚነሣው እንደ ከሸፈ ምርጫ ነው። ልብ እንበል፦ ልጁ ራሱን አንደኛ አላደረገም። የተሳሳቱት መራጮቹ ናቸው፤ ስሙን የተሸከመው ግን እርሱ ነው።

ወገኖች ሆይ፣ ይህ ነገር በእኛም ቤት አለ። ድምፁ ያማረ፣ ንግግሩ የተዋጣለት ወጣት ስናይ ቶሎ መድረክ ላይ እናወጣዋለን። “ትልቅ ጸጋ አለበት” እንላለን። ጸጋው እውነት ነው፤ ሥሩ ግን ገና አልጠለቀም። ሲወድቅ “ድሮም ልቡ ትክክል አልነበረም” ብለን እናልፋለን። ያለ ጊዜው ያወጣነው እኛ መሆናችንን ግን አንናገርም። እንዲህ አድርገን ያጣናቸው ልጆች አሉን፤ በጌታ ፊት ንስሐ ልንገባበት ይገባል። ሐዋርያው ጳውሎስ አዲስ አማኝ በመሪነት እንዳይሾም ጢሞቴዎስን ያስጠነቀቀው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን ለሰውዬው ለራሱም አስቦ ነው።

ሳሙኤልን እናስታውስ። ከሕዝቡ ሁሉ በቁመት የሚበልጠውን ሳኦልን ቀብቶ፣ መጨረሻውንም አይቶ አልቅሶለታል። ይሁን እንጂ ወደ እሴይ ቤት ሲሄድ ዓይኑ እንደገና በኤልያብ ቁመት ላይ ዐረፈ። ነቢይ እንኳ ከአንድ ስሕተት በኋላ ያንኑ መለኪያ ያነሣል። እግዚአብሔር ግን ልብን አይቶ በግ ጠባቂውን አስጠራ። ዳዊትም ተቀብቶ ወዲያው ዙፋን ላይ አልወጣም፤ ብዙ ዓመት በምድረ በዳ ቆየ።

እንግዲህ ስጦታን መመዘን አቁሙ አንልም። የያኒስንም ረጅም ክንድ መራጮቹ ለክተው ነበር። የምንለው፣ ስጦታን ያየ ዓይን ጊዜንም ይስጥ ነው። በርናባስ ጳውሎስ የተወውን ማርቆስን ይዞ ሄደ፤ በኋላ ጳውሎስ ራሱ ማርቆስ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው ጽፎ አስጠራው።

በየአጥቢያችን ማን ተዘለለ? ማንስ ሳይበስል ተቀጠፈ? በዚህ ሳምንት አንዱን ፈልገን አጠገቡ እንቀመጥ። ጌታ የበርናባስን ትዕግሥት ይስጠን። አሜን።