ቁማር ቤት ጭር ሲል የሚከስረው ማን ነው?

«ቁማር ቤት ከስሮ ያውቃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ብዙ ሰው ይስቅበታል። ቁማርተኛው ይከስራል እንጂ ቤቱማ እንዴት ተደርጎ! ሒሳቡ አስቀድሞ ለቤቱ እንዲያደላ ሆኖ የተቀመረ ስለ ሆነ ሳቁ ያለ ምክንያት አይደለም። ዳሩ ግን ቤቱ የሚያሸንፈው ሰው ገብቶ ሲጫወት ነው። ሰው ከቀረ፣ ወይም መጥቶ ኪሱን ካልፈታ፣ ያ ሁሉ ቅመራ ከንቱ ይሆናል። ይህንንም በገሃድ ያሳየችው ከተማ ላስ ቬጋስ ናት። ስለ እርስዋ ጥቂት ማውሳት የፈለግሁት፣ የመንግሥትን ገቢ ከየት እናምጣ እያሉ በየመሥሪያ ቤቱ ለሚጨነቁ ጓደኞቼ የሚበጅ ነገር ያለበት ስለ መሰለኝ ነው። የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ላስ ቬጋስ የምትገኝበት የኔቫዳ ክፍለ ግዛት ቁማርን በሕግ የፈቀደችው በ1931 ዓ.ም. ነው። ጊዜው አሜሪካ በታላቁ የኤኮኖሚ ድቀት የምትታመስበት ዘመን ነበር። ኔቫዳም አብዛኛው ምድርዋ በረሃ የሆነ፣ ሕዝብዋ መቶ ሺህ የማይሞላ ክፍለ ግዛት ነበረች። በዚያው ዓመት ደግሞ ትዳሩን ለማፍረስ የሚሻ ሰው ስድስት ሳምንት ብቻ ከተቀመጠባት ፍቺ ለመጠየቅ ይችላል የሚል ሕግ አወጣች። ጎረቤት የሚከለክለውን ሁሉ «እኔ ዘንድ ኑ» እያሉ መሸጥ ብልሃት ነው ከተባለ፣ ብልሃት ነው።

እንግዲህ የኔቫዳ ካዚኖ የችግር ዘመን ልጅ ነው። ከዚህም የተነሣ ይሆናል፣ ኋላ «ቁማርን የኤኮኖሚ ድቀት አይነካውም፤ ሰው ደስ ሲለውም ሲከፋውም ይጫወታል» የሚል እምነት በነጋዴውም በመንግሥት ሹሙም ልብ ውስጥ ሥር ሰደደ። በዚህ እምነት ባንክ አበደረ፤ በዚህ እምነት ሰማይ ጠቀስ ሆቴል ተሠራ።

የ2008 ዓ.ም. የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ እምነቱ ተፈተነ። በ2007 ዓ.ም. ወደ ላስ ቬጋስ 39.2 ሚሊዮን ያህል ጎብኚ ገብቶ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 36.4 ሚሊዮን ወረደ። ይህ ከመቶ ሰባት ያህል መቀነስ ነው፤ ብዙ የሚያስደነግጥ አይመስልም። የሚያስደነግጠው ሌላው ቁጥር ነው። የኔቫዳ ካዚኖዎች ከጨዋታ ያገኙት ገቢ በነዚያው ሁለት ዓመታት ከ12.8 ቢሊዮን ዶላር ወደ 10.4 ቢሊዮን ገደማ ወደቀ፤ ይኸውም ከመቶ አሥራ ዘጠኝ ማለት ነው። በከተማይቱ ለአንድ ሌሊት አልጋ በአማካይ ይከፈል የነበረው 132 ዶላር ያህል ወደ 93 ዶላር ዝቅ አለ። ሆቴሎቹ ክፍሉን እያረከሱ ሰውን ጠሩት፤ ሰውም መጣ። ኪሱን ግን አላመጣም።

ይህ ለምን ቤቱን እንደሚጎዳ ለመረዳት የሩሌትን መንኰራኩር መመልከት ይበቃል። የአሜሪካው ሩሌት ሁለት ዜሮ ያለው ሲሆን በጠቅላላው 38 ማረፊያ አለው፤ በአንድ ቁጥር አስይዞ ላሸነፈ ሰው የሚከፍለው ግን 35 እጥፍ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ብዙ ጊዜ ሲጫወት፣ ከተያዘው ከየመቶው ዶላር ለቤቱ የሚቀረው አምስት ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ነው። ካዚኖ ማለት እንግዲህ ሰው እንደሚያስበው በአንድ ሌሊት ሀብታም የሚያራቁት ዘንዶ ሳይሆን፣ በጥቂት ትርፍ ብዙ ዕቃ እየሸጠ እንደሚኖር ባለ ሱቅ ነው። መብራቱን፣ ሠራተኛውን፣ የዕዳውን ወለድ የሚከፍለው ከዚያች አምስት ዶላር ነው። ደንበኛው መቶ ያስይዝ የነበረው ስልሳ ሲያስይዝ፣ ወለዱ ግን እንደዚያው ነው። በ2009 ዓ.ም. ስቴሽን ካዚኖስ የተባለው ኩባንያ ከአበዳሪዎቹ ለመጠለል የኪሣራ ማመልከቻ አቀረበ። ፎንቴንብሎ የተባለው ሆቴል ደግሞ ሕንፃው ቆሞ ሳይጠናቀቅ ከሰረ፤ በሩ ለእንግዳ የተከፈተው በ2023 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

ይህን የሰማ አንዳንድ ጨዋ ሰው «እሰይ! ቁማር ቤት ባዶ ቢቀር ምን ይጎድላል?» ይል ይሆናል። እኔም ቁማርን አልወድም። ነገር ግን እሰይ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም፤ ምክንያቱም በዚያ ጊዜ አጎቴ በላስ ቬጋስ ታክሲ ነጂ ነበሩ። በዚያች ከተማ ታክሲ ከሚነዱት መካከል የኢትዮጵያ ሰው ብዙ ነው። የአጎቴ ደመወዝ በሜትሩ ከሚቆጠረው ገንዘብ ላይ የሚታሰብ ድርሻና ተሳፋሪው በደስታው የሚጨምርላቸው ጉርሻ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ስሆን፣ አያቴ በየወሩ ይላክላቸው የነበረው ገንዘብ በየሦስት ወሩ ሲሆን ትዝ ይለኛል። አያቴ ካዚኖ ምን እንደ ሆነ ሳያውቁ ሞቱ። የካዚኖው ገበያ መቀዝቀዝ ግን ከጓዳቸው ደርሶ ነበር።

አልጋ አንጣፊዋም፣ ካርታ አዳዩም፣ መጠጥ አቅራቢዋም እንደ አጎቴ በጉርሻ የሚኖሩ ናቸው። የኔቫዳ ሥራ አጥ ቁጥር በ2010 ዓ.ም. ከመቶ አሥራ ሦስት በላይ ሲሆን፣ በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። የጓደኞቼን ጆሮ የምሻውም እዚህ ላይ ነው፤ ኔቫዳ ከዜጎችዋ የደመወዝ ግብር አትሰበስብም። ግምጃ ቤትዋ በእጅጉ የሚደገፈው በሽያጭ ግብርና ከካዚኖ በሚገኘው ቀረጥ ነው። ስለዚህ ሥራ አጡ እጁን በዘረጋበት ወር ግምጃ ቤቱም አብሮ ባዶ ሆነ። ዝናብ በሚዘንብ ጊዜ የሚያፈስ ጣሪያ ምን ይባላል?

«ድቀቱ ሲያልፍ ሰው ይመለሳል» የሚሉም አሉ። በላስ ቬጋስ እውነት ሆነላቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ወደ 43 ሚሊዮን የሚጠጋ ጎብኚ ገባ። አትላንቲክ ሲቲ ግን ሌላ ታሪክ አላት። የመጀመሪያውን ካዚኖ በ1978 ዓ.ም. የከፈተች የባሕር ዳር ከተማ ስትሆን፣ ጎረቤትዋ ፔንሲልቬኒያ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የራስዋን ቁማር ቤቶች ስትከፍት ደንበኛው በየቀዬው ቀረ። የ2006ቱ 5.2 ቢሊዮን ዶላር ገቢዋ በ2014 ዓ.ም. ግማሽ ያህል ሆኖ፣ በዚያ በአንድ ዓመት ከአሥራ ሁለቱ ካዚኖዎች አራቱ ተዘጉ፤ ስምንት ሺህ ያህል ሠራተኛም ተበተነ። ጎረቤት የሚከለክለውን በመሸጥ የሚኖር ሰው፣ ጎረቤቱ የፈቀደ ቀን ምን ይሸጣል?

በኛም አገር ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባ የእግር ኳስ ውርርድ ቤቶች እንደ አሸን ሲፈሉ፣ «ምን አለበት፣ ግብር ይከፍላሉ» ሲባል ሰምተናል። ላስ ቬጋስ ቢያንስ ገንዘቡን የምታገኘው በአብዛኛው ከውጭ ከሚመጣ እንግዳ ነው። የሰፈራችን ውርርድ ቤት ግን እንግዳ አይጠብቅም፤ የሚገባበት የዚያው ሰፈር ልጅ ነው፤ የሚያስይዘውም የታክሲውንና የምሳውን ገንዘብ ነው። ከዚያ ላይ የሚነሣው ግብር አዲስ ሀብት አይደለም፤ ከእናቱ መቀነት ተፈትቶ በሦስተኛ እጅ ወደ መንግሥት የሚደርስ ገንዘብ ነው። ገቢ ብሎ በመዝገብ ከማስፈሩ በፊት ከየት እንደ ወጣም የሚጽፍ ሒሳብ ሹም ቢገኝ እወድ ነበር።

አጎቴ ዛሬም ታክሲ ይነዳሉ። በ2025 ዓ.ም. በጁን ወር ወደ ላስ ቬጋስ የገባው ጎብኚ ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወር ከመቶ አሥራ አንድ ያህል መቀነሱን አንብቤ ደወልሁላቸው። «ቁጥሩን እናንተ የተማራችሁት አንብቡት» አሉኝ፤ «እኔ የምቆጥረው ከሆቴሉ በር ላይ ተሰልፌ የምጠብቅበትን ሰዓት ነው። ትናንት ሁለት ሰዓት ሆነ።»