ሳተላይቷ ክረምት አታይም

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ስትመጥቅ አገሩ በሁለት ጎራ ተከፈለ። አንዱ «ሕዝብ እየተራበ ሳተላይት ምን ያደርግልናል?» አለ። ሌላው ግብርናችንን ትለውጣለች፣ ድርቁንም ጎርፉንም ቀድማ ትነግረናለች ብሎ ማለ። የመጀመሪያው ክስ ብዙ አያስኬድም። የሳተላይቷ ወጪ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን 6 ሚሊዮኑን የሸፈነችው ቻይና ናት፤ በቀረው 2 ሚሊዮን አገር አይጠግብም። እኔን የሚያሳስበኝ የሁለተኛው ጎራ መሐላ ነው። የአገሪቱን የሕዋ በጀት አቅጣጫ የሚያሲዘውም እሱ ነው።

መሐላውን በምዕራብ ሸዋ፣ አምቦ ላይ እንፈትነው። በአምቦ፣ በጉደር፣ በግንጪና በጌዶ ዙሪያ ጤፍ በሐምሌ ይዘራል፤ ስንዴው አድጎ በሽታ የሚያሰጋውም ከክረምቱ አጋማሽ ጀምሮ ነው። የሳተላይቷ ካሜራ ግን በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ ነው፤ ደመና አይበሳም። ገበሬው ምክር በሚሻበት ወር ከላይ የሚታያት የደመናው ጀርባ ነው። ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ አዝመራው ወደ አውድማ እየሄደ ነው። ደመና የሚያልፈው ራዳር ነው፤ እሷ ራዳር የላትም። አውሮፓውያን ግን ሴንቲኔል-1 በተባለው ሳተላይታቸው የሚያነሱትን የራዳር ምስል ለማንም በነፃ ይሰጣሉ።

በጠራ ሰማይም ቢሆን የእኛ ሳተላይት መሬትን የምታየው 13.75 በ13.75 ሜትር እየቆራረጠች ነው። በነፃ የሚገኘው ሌላው የአውሮፓውያን ሳተላይት፣ ሴንቲኔል-2፣ በ10 ሜትር ያያል። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ገደማ፣ ለእኛዋ 13 ነጥብ፣ ለነፃው 25 ነጥብ ነው። የምዕራብ ሸዋ ማሳ ደግሞ የተበጣጠሰ ነው፤ ከነጥቦቹ ብዙዎቹ ድንበር ላይ ወድቀው የጎረቤትን ሰብል ይቀላቅላሉ። «የራሳችን መረጃ» የሚለው ኩራት ይገባኛል፤ መሐንዲሶቻችን በሥራው መሠልጠናቸውም እውነተኛ ትርፍ ነው። ግን ሥልጠና ከሆነ ሥልጠና እንበለው፤ ለገበሬው ነው ብለን አንሽጠው።

ለገበሬው የሠራው ሌላ ነው፤ እሱም እዚሁ አምቦ አለ። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ብዙ ገበሬ የተማመነበትን የኩብሳ ስንዴ ሲያወድም ምንም ሳተላይት አልነበረንም። ከዚያ በኋላ የተገነባው የዋግ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የሚጀምረው ከማሳ ነው። ባለሙያዎች እየዞሩ ስንዴውን ያያሉ፣ የታመመ ቅጠልና ግንድ ይሰበስባሉ። በአምቦ የግብርና ምርምር ማዕከል ቤተ ሙከራ የግንድ ዋግ ዝርያ በተመረጡ የስንዴ ዓይነቶች ላይ እየተፈተነ ይለያል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የብሪታንያ ሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ ነፋሱ የዋጉን ዘር ወዴት እንደሚወስደው ያሰላሉ። ማስጠንቀቂያው በግብርና መዋቅሩና በስልክ ወደ ወረዳ ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው የእኛ ሳተላይት አንድም ፎቶ ሳታነሳ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ግን ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን የለም፤ በቀጥታ ሥርጭትም አይተላለፍም።

ሥራው ከምድር እንደሚጀምር ሕንድ ቀድሞ ገብቷታል። የራሷን የመገናኛ ሳተላይት ከማምጠቋ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1975 እና 1976 የአሜሪካን ሳተላይት ተውሳ 2,400 ገደማ መንደሮች ውስጥ ቴሌቪዥን ተከለች፤ ስለ እርሻና ጤና አስተማረችበት። ሐሳቧ መጀመሪያ ተቀባዩን፣ ኋላ ሳተላይቱን ነበር። እኛ ተቀባዩን ስንዘጋ ኖረናል። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ አምቦ ሲቀበር፣ ሳተላይቷ ከመጠቀች ሰባት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ጠፍቷል። ኢንተርኔቱ በተቆረጠበት ወረዳ የሕዋ መረጃ እንዴት ይደርሳል?

ሁለተኛዋ፣ ትንሿ ሳተላይት ታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ተከትላለች፤ ስለ ቀጣይዋም በየጊዜው ይወራል። እንደ እኔ፣ ቀጣዩ ገንዘብ ወደ ሕዋ መውጣት የለበትም። ነፃውን ምስል አንብበው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ምክር የሚሰጡ ባለሙያዎች በየዞኑ ይቀጠሩበት፤ የዝናብ መለኪያ በየቀበሌው ይተከልበት፤ የአምቦው ቤተ ሙከራም ይጠናከርበት። የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ የሚቀጥለው የሳተላይት በጀት ሲቀርብላችሁ «በሐምሌ አምቦ ላይ ምን ታያለች?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አጥጋቢ መልስ ካላገኛችሁ አታጽድቁት።