ሞተሩን ተዉት፣ ላሜራውን እዩት!

በእንግሊዝ ሁለት ዓይነት የዝውውር ገበያ አለ። አንደኛውን የኳስ አፍቃሪ ሁሉ ያውቀዋል። መዝጊያ ቀን አለው፤ በመጨረሻዋ ሌሊት ደጋፊው እንቅልፍ አጥቶ ማን መጣ፣ ማን ሄደ ይላል። ሁለተኛው ግን መዝጊያ ቀን የለውም፣ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። እዚያ የሚሸጡት ጫማ ከሰቀሉ የቆዩ "ተጫዋቾች" ናቸው። ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት፣ ኤም ጂ ሚጀት፣ ትራያምፍ ስፒትፋየር የሚባሉት ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ ጣሪያቸው ሸራ የሆነ ትንንሽ የስፖርት መኪኖች።

ገዢው አሮጌዋን መኪና ገዝቶ፣ ጋራዡ ውስጥ አስገብቶ፣ ቅዳሜና እሑድ እየፈታና እየገጠመ ወደ ወጣትነቷ ሊመልሳት ያስባል። ሐሳቡ ያምራል። ችግሩ ያለው ግዢው ላይ ነው። ብዙው ሰው እንደ ችኩል የክለብ ፕሬዚዳንት የሚያብረቀርቅ ነገር ሲያይ ልቡ ይጠፋል። ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ ቀለሙን በእጁ ይዳስሳል፣ ከዚያ እጅ መጨባበጥ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት የሚያስታውሰው መኪናዋ ከተፈታች በኋላ ነው።

መኪኖቹ እንደ መጠናቸው የሚናቁ አይደሉም። ስፕራይት እ.ኤ.አ. በሜይ 1958 በሞንቴ ካርሎ ስትተዋወቅ ዋጋዋ ከነታክሱ 669 ፓውንድ ነበር። የነደፋት የዶናልድ ሂሊ ኩባንያ ነው። ሰውዬው ራሱ በ1931 የሞንቴ ካርሎ ራሊን ያሸነፈ ሹፌር ነው። ሞተሯ 948 ሲሲ፣ ጉልበቷ 43 የፈረስ ጉልበት ብቻ! የፊት መብራቶቿ ከኮፈኑ ላይ ተጎልጉለው ስለወጡ እንግሊዞች "እንቁራሪት ዓይን" ብለው ጠሯት። ወጪ ለመቀነስ ሲባል በሩ ከውጭ እጀታ የለውም። የፖርታባጋልዮ ክዳንም የላትም፤ ዕቃ የሚገባው ከወንበሩ ጀርባ ነው። እንዲህ ሆና ግን በ1959 አሜሪካ ውስጥ ሲብሪንግ ላይ በተካሄደው የ12 ሰዓት ውድድር በምድቧ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ያለውን ደረጃ ጠራርጋ ወሰደች። በዓመቱ ደግሞ ዝነኛው ስተርሊንግ ሞስ እዚያው ሲብሪንግ ላይ በአራት ሰዓቱ ውድድር ነድቷት 2ኛ ወጣ።

በ1961 እህቷ ኤም ጂ ሚጀት ተከተለች። ሁለቱም የሚሠሩት አቢንግደን በሚገኘው የኤም ጂ ፋብሪካ ነበር። በ1962 ደግሞ ተቀናቃኟ ስፒትፋየር ከኮቨንትሪ ብቅ አለች። ንድፏ የጣሊያናዊው ጆቫኒ ሚኬሎቲ ነው። ኮቨንትሪ ሲባል ለኳስ አፍቃሪ ቶሎ ትዝ የሚለው ከ1967 እስከ 2001 ከዋናው ሊግ ሳይወርድ የቆየው ክለብ ነው። ያ ክለብ ራሱ በ1883 የሲንገር ብስክሌት ፋብሪካ ሠራተኞች የመሠረቱት ነው። ፋብሪካና ኳስ በዚያች ከተማ ድሮም አይለያዩም።

የሚጀት ምርት በ1979፣ የስፒትፋየር በ1980 አበቃ። የአቢንግደን ፋብሪካም በዚያው በ1980 ተዘጋ። ስለዚህ ዛሬ ገበያ ላይ ያለችው ትንሿ መኪና እንኳ ዕድሜዋ ከ40 ዓመት በላይ ነው። በእንግሊዝ ዝናብ 40 ዓመት!

ታዲያ ገዢው ቀድሞ ማየት ያለበት ምኑን ነው? ሞተሩን የሚሉ ብዙ ናቸው። ተሳስተዋል። የስፕራይትና የአብዛኞቹ ሚጀቶች ሞተር "ኤ ሲሪስ" የሚባለው ነው። ይህ ሞተር ከ1951 እስከ 2000 ድረስ የተመረተ፣ ሚኒንና ሞሪስ ማይነርን ጭምር ያንቀሳቀሰ ነው። መለዋወጫው ሞልቷል፣ አሠራሩም ቀላል ነው። ከ1974 ወዲህ ያሉት ሚጀቶች ደግሞ የስፒትፋየርን 1,493 ሲሲ ሞተር ነው የተሸከሙት። ሁለቱ ባላንጣዎች በዚያ ጊዜ ብሪቲሽ ሌይላንድ በሚባል አንድ ኩባንያ ሥር ስለነበሩ ነው። አርሰናል ከቶተንሃም አጥቂ እንደመዋስ ማለት ነው! ያም ሆነ ይህ ሞተር የሞተበት ሰው ሌላ ሞተር አያጣም።

ላሜራው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስፕራይትና ሚጀት እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም። አካሉ ራሱ ነው ሻንሲው። ጣሪያ ስለሌላቸው ደግሞ የመኪናዋን ወገብ ቀጥ አድርጎ የያዘው ወለሉና ከበሮቹ ሥር ግራና ቀኝ የሚያልፈው የላሜራ ሳጥን ነው። እሱ ከዛገ መኪናዋ መሐል ለመሐል ትጎብጣለች። የመጀመሪያዎቹ ስፕራይቶች ላይ የኋላ ባሌስትራው የሚታሰረውም ወለሉ ላይ ነው፤ እዚያ ከበሰበሰ የኋላ እግሩን የሚይዘው ነገር የለም ማለት ነው። ስፒትፋየር የራሷ ሻንሲ ስላላት ትንሽ ትሻላለች። እሷም ብትሆን የበሩ ሥር ሳጥን ከተበላ ጥንካሬዋ አብሮ ይሄዳል።

ቼልሲ በ2004/05 ዋንጫውን ሲያነሳ በ38 ጨዋታ የተቆጠረበት 15 ጎል ብቻ ነበር። ደጋፊው የሚዘምረው ለአጥቂው ነው፤ ቤቱን ያቆመው ግን የኋላው መስመር ነው። እዚህም እንደዚያው ነው።

ሻጭ ደግሞ ዝገት መደበቅ ያውቅበታል። ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልቶ፣ ላዩን ቀለም ቀብቶ ሙሽራ አስመስሎ ያቀርባታል። መድኃኒቱ ትንሽ ማግኔት ናት። ላሜራ ላይ ትጣበቃለች፣ ስቱኮ ላይ ትወድቃለች። ሁለተኛው ምርመራ በሩ ነው። በበሩና በአካሉ መሐል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ካልሆነ፣ ወይም በሩ ሲዘጋ የሚታገል ከሆነ ወገቡ ተጣሟል። በክሪክ ስትነሳ በሩ አልዘጋም ካለማ ነገሩ አለቀ!

"እኔ ያለኝ ገንዘብ ለርካሿ ብቻ ነው፣ ደግሞስ ደስታው መጠገኑ አይደል?" የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ በትርፍ ጊዜው የሚደሰትን ሰው ማንም አይከለክለውም። ግን ርካሿ መኪና ርካሽ የምትሆነው በግዢው ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ላሜራ፣ ብየዳ፣ ቀለም እያለ ይቀጥላል። ብየዳው ራሱ የዋዛ አይደለም። የበሩ ሥር ሳጥን ከመቆረጡ በፊት የበሩን ክፍተት በብረት ዘንግ መደገፍ ግድ ነው፤ አለበለዚያ አካሉ ተጣሞ ይበየድና በሩ ዳግመኛ አይገጥምም። አቅም ያለው ከብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ ሙሉ አዲስ አካል መግዛት ይችላል። ኩባንያው በ1988 የትልቋን የኤም ጂ ቢን አካል እንደ አዲስ ማምረት ጀምሮ ሚጀትንም አክሎበታል። ግን ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ከመጀመሪያው ደህናዋን መኪና ይገዛ ነበር። ሊድስ ዩናይትድም በብድር ኮከብ ሰብስቦ በ2001 የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በ2004 ወረደ። ሒሳብ ሳይሠሩ መጀመር መጨረሻው ይኸው ነው። በሽያጭ ማስታወቂያዎች ላይ "ያላለቀ ሥራ" ተብለው በካርቶን ተሞልተው የሚሸጡት መኪኖች የእንዲህ ዓይነት ወራጆች ናቸው። ከእያንዳንዱ ካርቶን ጀርባ የተበላ ቁጠባና በቤት ውስጥ የተነሳ ጭቅጭቅ አለ።

ነገሩ የገንዘብ ብቻም አይደለም። በብሪታንያ ከ2018 ጀምሮ 40 ዓመት ያለፋቸውና ብዙ ያልተለወጡ መኪኖች ከዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ነፃ ሆነዋል። ለባለቤቱ እፎይታ ነው፤ ለገዢው ግን አደጋ ነው። የበሰበሰውን ወለል ጎንበስ ብሎ የሚያይ መርማሪ በየዓመቱ የለም። ሕጉ አሁንም መኪናዋ ለመንገድ ብቁ ትሁን ይላል፤ ብቁ መሆኗን ማየት ግን የባለቤቱ ፋንታ ነው። የኤርባግ ስም ባልተሰማበት ዘመን በተሠራች ትንሽ መኪና የዛገ ወገብ ይዞ ከትልልቆቹ ጋር መንገድ መጋፋት ጨዋታ አይደለም።

ስለዚህ ብልህ ገዢ ሞተሯ የሚያጨስ፣ ወንበሯ የተቀደደ፣ ቀለሟ የደበዘዘ፣ ወገቧ ግን ጤነኛ የሆነችውን ይመርጣል። ከገዛም በኋላ ሁሉንም በአንድ ቀን አይፈታም። ዛሬ ፍሬኑን፣ በሚቀጥለው ወር ካርቡራተሩን፣ ክረምት ሲመጣ ፍሪሲዮኑን እያለ፣ በመሐሉ እየነዳት ይሠራል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ። ስፕራይት ስትሠራ የታሰበችው ኪሱ ላልሞላ ወጣት ነበር። ያ ወጣት የሚፈልገው መንዳት እንጂ ካርቶን መቁጠር አልነበረም።

ሻጩ ቢያባብል፣ ሞተሩ ቢያምር፣ ቀለሙ ቢያብለጨልጭ፣ ማግኔቷ ከወደቀች ፓውንዱን በኪስ ይዞ መመለስ ሽንፈት አይደለም። ይህ ገበያ ነገም ክፍት ነው።