አራዊት ለማየት የትኛው ወር ይሻላል?

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጆች ጥያቄ አንድ ነው፤ «አራዊት አሳዩን!» ሠራተኛዋ እናትም ያቺኑ የዓመት ፈቃዷን ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ትወስዳለች። እኔም ባለፈው ነሐሴ ይህንኑ አደረግሁ። ሐዋሳ፣ ቡሹሎ ከዘመድ ቤት አርፌ ልጆቼን ወደ ሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ወሰድኳቸው። መንገዱ ጭቃ፣ ሣሩ ረጅም። በግማሽ ቀን ያየነው ከሣሩ በላይ ብቅ ያለ የሁለት ቆርኬዎች ቀንድ ነበር፤ ያጠራቀምኩት ገንዘብም በዚያው አለቀ።

ያሳሳተኝ «ከሰኔ እስከ ጥቅምት ጥሩ ነው» የሚለው ምክር ነው። ምክሩ ሐሰት አይደለም፤ ግን የኬንያና የታንዛኒያ ነው። እዚያ እነዚህ ወራት ደረቅ በመሆናቸው እንስሳቱ ውሃ ባለበት ይሰበሰባሉ፤ የዊልደቢስት መንጋም ከሴሬንጌቲ ወደ ማሳይ ማራ የሚሻገረው ያን ጊዜ ነው። በእኛ አገር ግን ክረምት ነው።

ለሐዋሳ አካባቢ የሚመረጠው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው። ሣሩ ይደርቃል፣ መንገዱ ይጠነክራል፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው የስዌን ቆርኬም ሜዳው ላይ በግልጽ ይታያል። የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡት ወፎች በሐይቁ ዳር ከነባሮቹ ጋር ይውላሉ። አባ ኮዳን ለማየት ግን ወር መምረጥ አያስፈልግም፤ ዓሣ ባለበት አሞራ ገደል ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ጥቅምትስ? አደይ አበባው ባይረግፍ እንኳ፣ ክረምት ከወጣ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የምትበረታበት ጊዜ ነው። ትንንሽ ልጆች ላሏት እናት ከሁሉ የሚሻለው በጥር መጨረሻ ገደማ ያለው የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ነው። ቢሆንም አጎበር አይቅር።

አንድ ነገር አደራ፤ ቡሹሎ ሐይቅ ዳር ስታርፉ ልጆቹን ከመምሸቱ በፊት ወደ ቤት አስገቡ። ቀን ውሃ ውስጥ ተኝቶ የሚውለው ጉማሬ ማታ ሣር ሊግጥ ወደ የብስ ይወጣል። ዝግተኛ ቢመስልም ከሰው ይፈጥናል፤ በእሱና በውሃው መካከል የተገኘን አይምርም።

ፈቃድ ለመጠየቅ ታኅሣሥ አይለፋችሁ። ሹራብም ያዙ፤ ቆርኬ በደንብ የሚታየው በማለዳ ነው፣ የጥር ማለዳ ደግሞ ይበርዳል።