ደርሱ ይቀረጽ፤ ጥያቄው ግን አደራ ነው



ማይክል ዌሽ በአሜሪካ ካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንትሮፖሎጂስት ነው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ከሕዝቡ ጋር ኖሮ ጥናት ሠርቷል። በኋላ ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ፊቱን ወደ ዩቲዩብ አዞረ። ተማሪዎቹ የሌሎችን ቪዲዮ ብቻ አልተመለከቱም፤ ራሳቸውም እየቀረጹ ይለቁ ነበር። የጥናቱን ውጤት በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አቅርቦታል።

ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ እኛንም ይመለከታል። ሰው ፊት ለፊት ሲያወራ የሚሰማውን ያያል፤ ለእናቱ፣ ለጓደኛው፣ ለመምህሩ የሚናገርበት አንደበት ይለያያል። ካሜራ ፊት ሲቀመጥ ግን የሚያየው ትንሽ መስታወት ብቻ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ወዳጁም፣ የማያውቀውም፣ ከዓመታት በኋላ የሚመጣውም ተመልካች አንድ ላይ አሉ። ለየብቻ የነበሩት ዐውዶች ሁሉ እላዩ ላይ ይደረመሳሉ፤ ምን ብሎ እንደሚጀምርም ይጠፋዋል። ዌሽ መልካም ጎኑንም አልካደም፤ ብዙዎች ብቻቸውን ካሜራ ፊት ሲሆኑ የልባቸውን በግልጽ እንደሚያወጡ አይቷል።

ልብ በሉ፤ እነዚያ ሰዎች ካሜራውን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። በእኛ ደርስ ላይ ግን ጠያቂው አንድ፣ ቀራጩ ሌላ፣ ቆርጦ ቲክቶክ ላይ የሚለጥፈው ደግሞ ሦስተኛ ሰው ነው።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ሰው ጾመኛ ሆኖ ሚስቱን ስለ ማቀፍ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀ፤ ፈቀዱለት። ሌላው መጥቶ ያንኑ ሲጠይቅ ከለከሉት። የተፈቀደለት ሽማግሌ፣ የተከለከለው ወጣት ነበር። ከሁለቱ መልሶች አንዱን ብቻ ቆርጠን ብንለቅ ሰሚው ምን ይይዝ ነበር? ኢብኑል ቀይምም ፈትዋ እንደ ጊዜው፣ እንደ ቦታውና እንደ ሁኔታው እንደሚለያይ በኢዕላሙል ሙወቂዒን ሰፊ ምዕራፍ ጽፈውበታል። የጠያቂው ሁኔታ የመልሱ አካል ነው። ለእኛ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ይህ አዲስ አይደለም፤ አሃዱ የተሰረዘ ቁጥር ትክክል ቢሆንም እንኳ ያሳስታል።

ከዚህም የሚከብደው የጠያቂው ጉዳይ ነው። ሶላት ስላመለጠው፣ ወስዋስ ስላስቸገረው፣ ከቤተሰቡ ጋር ስለተጋጨ የሚጠይቅ ወንድም ስልክ ወደ እሱ ሲዞር ካየ ጥያቄውን ውጦ ይወጣል። እህቶችማ ድምፃቸው የት እንደሚደርስ ሳያውቁ እንዴት ይጠይቁ? አንድ ሰው ነገር አውርቶ ዞር ዞር ካለ ወሬው አደራ እንደሚሆን በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ዘገባ ተምረናል። ያ ሰው ዞር ዞር የሚለው ማን እንደሚሰማው ለማወቅ ነው። ካሜራ ያለበት መጅሊስ ውስጥ ግን ወዴት ዞሮ ያያል?

«ዳዕዋው ይድረስ እንጂ» የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ ሐቅ አላቸው። ላብ ያለበት፣ ለፈተና የሚያነብ፣ አፓረንት የወጣ ሁሉ ደርሱን በቪዲዮ ይከታተላል። ስለዚህ ትምህርቱ እስከ መጨረሻው ይቀረጽ። ኡስታዙ ጨርሶ ጥያቄ ሲከፈት ግን ስልኮች ሁሉ ኪስ ይግቡ። ለሁሉም የሚጠቅም ጥያቄ ከተገኘ ጠያቂው ይፈቀድ፤ ከዚያ ኡስታዙ ስም ሳይጠራ፣ መልሱን ከነሸርጡ ለብቻው ያስቀርጽ። የጀመዓው ሚዲያ ክፍል ይህን ደንብ አድርጎ በመስጂዱ በር ላይ ቢለጥፈው ወጪው አንድ ወረቀት ነው።

ተመልካች ቢቀንስብን ነገ ሊመለስ ይችላል። መጠየቅ የፈራ ሰው ግን ሳይጠይቅ ይመረቃል። አላህ አደራ ጠባቂዎች ያድርገን።

ወሰላሙ ዐለይኩም!