የመኪናን መንኮራኩር ስለ መለወጥ

ሰው በቅሎውንና ፈረሱን በመልካም ኮርቻ ሸልሞ መቀመጥ የአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ኦቶሞቢል በ1900 ዓ. ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህም ይህ የመሸለም ፍቅር ከኮርቻው ወደ መኪናው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። መሸለሙን የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን ኮርቻን መለወጥ የበቅሎዪቱን እግር አይለውጥም፤ የመኪናን መንኮራኩር መለወጥ ግን አካሄዱንም፥ አቋቋሙንም፥ አጠማዘዙንም ይለውጣልና፥ ነገሩን እንደ ጌጥ ብቻ ቆጥሮ ማለፍ አይገባም።

በየጋራዡና በየጎሚስታው ቤት የሚደረገው ለውጥ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ከፋብሪካው ልክ የሰፋ ቸርኬ ያስገባል፤ ሌላው መንኮራኩሩ ወደ ውጭ ወጥቶ እንዲታይ በሞዞውና በቸርኬው መካከል የብረት ቀለበት ይጨምራል፤ ሌላው የተሰነጠቀውን ቸርኬ አስበይዶ ይመልሳል። መንኮራኩሩ ከተወሰነለት ስፍራ ወደ ውጭ ሲወጣ የመኪናው ክብደት ያው ሆኖ ሳለ ኩሽኔታውን የሚጫነው ክንድ ይረዝማል። በረጅም እንጨት ድንጋይ ፈንቅሎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የዚህን ምሥጢር ያለ መምህር ይረዳዋል። የቸርኬው የመካከል ቀዳዳ ከሞዞው ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነም መንኮራኩሩ መካከሉን ስቶ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም ዳዶውን ቀስ በቀስ ያላላዋል። ከአሉሚኒየም ድብልቅ የተሠራ ቸርኬ ደግሞ ብርታቱን የሚያገኘው በፋብሪካ በተለካ ሙቀት ስለ ሆነ፥ በብየዳ እሳት መድፈን ያንኑ ብርታት መንጠቅ ነው። ስንጥቁ ከዓይን ይሰወራል፤ ድካሙ ግን ይሰፋል።

ጎማውን ማተለቅም እንዲሁ ያታልላል። የጎማው ቁመት ከፋብሪካው ልክ ከመቶ 10 እጅ ቢበልጥ፥ የፍጥነት መቁጠሪያው 80 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ መኪናው በእውነቱ 88 ይሮጣል፤ ፍሬኑ ግን ያው የቀድሞው ፍሬን ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1000 ሜትር በላይ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይህ ልዩነት ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም። ተነቅሎ ቍልቍል የሚንከባለል መንኮራኩርም የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በመንገድ ዳር ሸክሙን ይዞ የሚሄደውን እግረኛ ነው፤ እርሱ ደግሞ በጌጡ ነገር ምንም አልተማከረም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የኀላፊነት ነገር ነው። ሊቃውንቶቻችን በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 21 የተጻፈውን የተዋጊውን በሬ ሕግ ያስታውሳሉ። የበሬው ተዋጊነት አስቀድሞ ተነግሮት ሳለ ባለቤቱ ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው የገደለ እንደ ሆነ፥ በደሉ ከበሬው አልፎ ወደ ባለቤቱ ይደርሳል። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በመኪና ነገር ከዚህም ይልቅ ያጠብቃል። በቍጥር 2081 መሠረት፥ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ፥ የመኪናው ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው። በቍጥር 2086 መሠረትም «ጥፋት አልሠራሁም»፥ ወይም «ምክንያቱ አልታወቀም» ማለት አያድነውም፤ ሸክሙ የሚቀልለት ጉዳቱ በተጐጂው ጥፋት የደረሰ እንደ ሆነ ነው። እንግዲህ ምንም ሳይነካ የኖረው ባለ መኪና እንኳ በዚህ ሁሉ የታሰረ ከሆነ፥ መንኮራኩሩን በገዛ እጁ ያስለወጠው ምን ብሎ ይከራከራል? የሞተ ሰው ካለማ በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቍጥር 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል።

ባለ ጋራዡም ከሕግ ውጭ አይደለም። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በቍጥር 2031 የሙያ ሥራ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ነገር ግን ሥራው ብዙ ጊዜ ያለ ውልና ያለ ደረሰኝ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ባለ መኪናው ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ባለ ጋራዡን የሚይዝበት ማስረጃ አያገኝም። መድንም ቢሆን ለሦስተኛ ወገን የሚከፍለው እስከ ተወሰነ ልክ ነው፤ የቀረው ከባለቤቱ ቤት ይወጣል።

መንግሥት በ2002 ዓ. ም. በአዋጅ ቍጥር 681 የተሽከርካሪን ምርመራ ደንግጓል። ሆኖም ለምርመራው ቀን ደኅና ጎማ ተውሶ ቦሎውን ከተቀበለ በኋላ በማግሥቱ የቀድሞውን የሚመልስ ባለ መኪና መኖሩ ከመርማሪዎች የተሰወረ አይመስለንም። በጀርመን አገር አደጋን የሚያመጣ ለውጥ የተደረገበት መኪና በመንገድ የመሄድ ፈቃዱን ያጣል። እኛም ዘንድ የቸርኬውና የጎማው ልክ በሊብሬው ላይ ቢጻፍ፥ ትራፊክ ፖሊስ ያለ ብዙ ድካም በመንገድ ላይ ሊያመሳክረው ይችላል። ይህም በመሥሪያ ቤቶች መኪናዎች ቢጀመር የተሻለ ነው፤ ሕዝቡ የሚመለከተው የሹሙን መኪና ነውና።

እስከዚያው ድረስ የየመሥሪያ ቤቱ የመኪና ክፍል ሹማምንት ሁለት ነገር ሊያዙ ይችላሉ። ለጋራዥ የሚከፈለው ገንዘብ የተሠራው ሥራ ያልተዘረዘረበት ደረሰኝ ካልቀረበ አይከፈል፤ መንኮራኩር በተፈታ ጊዜም ሾፌሩ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ቆሞ ዳዶውን ሁሉ እንደገና ያጥብቅ፥ ማጥበቁንም በመዝገብ ይጻፍ።